ዋስ ያጣ መልእክተኛ

ከሱዳን ወሰን፣ ሰኔ 12 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ወለተ ሐዋርያት፣ አምበር አጠገብ።

እንደምን ሰነበትሽ? ቤቱ፣ ከብቱ፣ ምራትሽ የብርጓል እንደምን ናቸው? እኔ ከሙቀቱና ከወባው በቀር ደኅና ነኝ። ሰም ነጋዴው ፈንታ ደብዳቤሽን ካባው ውስጥ ሰፍቶ አምጥቶልኛል። መልሴ የዘገየው በስንፍና አይደለም፤ ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ሳወጣ ሳወርድ ነው የከረምኩት። ይቅር በይኝ።

ስለ ልጅሽ ስለ ድረስ ጠይቀሽኛል። የፊታውራሪ አንሙትንና የግራዝማች ጥሩሰውን ደብዳቤ ይዞ፣ ከእንግሊዞች ጠመንጃ ሊለምን፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ከቤት እንደወጣ ጽፈሻል። ወደ እኔ እንዲመጣም እንደነገርሽው። እታለም፣ እስከ ዛሬ ወደ ቤቴ የመጣ ሰው የለም። ክረምቱ ገብቷል፤ ወንዙ ሁሉ ሞልቷል፤ መንገደኛ በየደረሰበት ተቀምጦ መስከረምን ይጠብቃል። አትጨነቂ ብልሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። ቢሆንም አትጨነቂ።

ደግሞ "አንተ ቋንቋቸውን ታውቃለህ፣ አብረሃቸው ትውላለህ፤ አንድ ቃል ብትናገርልን ምናለ?" ብለሻል። ሥራዬን ልንገርሽ። በወሰኑ ኬላ ቆሜ የመንገደኛውን ቃል ወደ እንግሊዝኛ፣ የኬላውን ሹም ቃል ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። የራሴ ቃል የለኝም። አሁን ደግሞ ነገሩ ባሰ። በሚያዝያ ወር እንግሊዝና ኢጣሊያ ሮማ ላይ ተፈራርመዋል። ኢጣሊያ በባሕሩ መንገድ እንግሊዝን ላታስቸግር፣ እንግሊዝ ደግሞ አገራችን የኢጣሊያ መሆኗን ልታውቅላት ነው። ስለዚህ ለእኛ ሰው አንድ ጥይት እንዳያልፍ፣ ከአርበኛ የተላከ ሰውም እንዳይገባ ከላይ ታዟል። ከኬላው ሠራተኛ መካከል የአርበኛ ዘመድ ከተገኘ ወንዙን አሻግረው እንደሚመልሱት ተነግሮናል። ይህን ወረቀት ካነበብሽ በኋላ አቃጥይው።

ወንድምሽ አካለ ወልድ

*

ከአምበር በላይ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአካለ ወልድ።

"ይድረስ" ብዬ ስጀምር እጄ ይያዛል። ድረስ ብዬ ስም ያወጣሁለት ልጅ የት እንደደረሰ ሳላውቅ ስምንት ወር ሆነኝ።

እንዴት እንደተነሣ፣ ከማን ጋር እንደተለያየ በፈንታ አፍ ጠይቀኸኛል። ለምን እንደፈለግኸው አልገባኝም፤ ግን ልንገርህ። አንሙት የሟቹ ባሌ ወንድም መሆኑን ታውቃለህ። ጥሩሰው የምራቴ የየብርጓል አባት ነው፤ ልጆቻችን የተጋቡት አንተ ከአገር ከወጣህ በኋላ ነው። ሁለቱም ጣሊያንን ይዋጋሉ፣ ግን ለየብቻቸው። ለእንግሊዝ ደብዳቤ እንላክ ሲባል በአንድ ላይ ተሰበሰቡና ወረቀቱ እኔ ቤት ተጻፈ። ከዚያ ማኅተሙ ላይ ተጣሉ።

"የእኔ ከላይ ይሁን፤ በዕድሜ እበልጣለሁ" አለ አንሙት።

"እኔ በሰው እበልጣለሁ" አለ ጥሩሰው።

እኩለ ቀን አልፎ እንዲሁ ሲነታረኩ ድረስ፣ "እንግሊዞቹ አማርኛ አያነቡም። ገልብጠው ከያዙት የታችኛው ላይኛ ይሆናል" አላቸው። ሳቁና ጎን ለጎን አተሙ። ያን ዕለት ልጄ እንዲህ ነበር። ሰው ያስታርቅ ነበር።

አሁን እርሱ ሲጠፋ ያስታረቀው ሁሉ ፈረሰ። ጥሩሰው፣ "አንሙት በራሱ ማኅተም ብቻ ሌላ መልእክተኛ ሊልክ ብሎ አማቼን መንገድ ላይ አስገደለው" ይላል። አንሙት ደግሞ፣ "ጥሩሰው ለጣሊያን ጠቁሞ አስያዘው" ይላል። የአንዱ ሰው በሌላው መሻገሪያ አያልፍም። የብርጓል ፀጉሯን አልተሠራችም፣ አልተላጨችም፤ ሐዘንተኛም ባለትዳርም ሳትሆን ከእኔ ጋር ተቀምጣለች።

እንግሊዝ ከጣሊያን ጋር ተፈራረመ ስትለኝ ሳስበው ከረምኩ። ቤት የሚያቃጥልብኝን ሰው አውቆ ከእርሱ ጋር የሚማማል ምን ዓይነት ጎረቤት ነው? እንዲያው ለመሆኑ እኛን በስም ያውቁናል? አንተ አብረሃቸው ስለምትውል ንገረኝ። ግን አስቀድመህ ስለ ልጄ ንገረኝ። ሞቶ እንደሆነ ሞቷል በለኝ። እችለዋለሁ።

እኅትህ ወለተ ሐዋርያት

*

ከሱዳን ወሰን፣ ጥቅምት 4 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለእታለም፤ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ሦስት ልኬ አንድ መለስክልኝ ብለሽ ተቆጥተሻል። ልክ ነሽ። አሞኝ ነበር ልልሽ አስቤ ተውኩት፤ አላመመኝም።

በአውሮፓ ጦርነት ተነሣ የሚባለው እውነት ነው። በነሐሴ መጨረሻ ጀርመን ፖላንድ የምትባለውን አገር ወረረች። እንግሊዝና ፈረንሳይ ለፖላንድ "የነካሽን እንወጋለን" ብለው ቃል ገብተውላት ነበርና በጀርመን ላይ ጦርነት ዐወጁ። ወሬው ኬላው የደረሰ ዕለት እዚህ ያለን ሐበሾች ተቃቅፈን አለቀስን። ኢጣሊያና ጀርመን ባለፈው ግንቦት "አንዳችን ስንዋጋ ሌላችን እንዋጋለን" ብለው ተማምለዋል። እንግዲህ እንግሊዝና ኢጣሊያ መጣላታቸው ነው፣ ለእኛም ወዳጅ መገኘቱ ነው አልን።

አልሆነም። ኢጣሊያ አልተዘጋጀሁም ብላ ተቀመጠች። እንግሊዝም ከተቀመጠችበት እንዳትነሣ ትለማመጣታለች። አንድ ባልደረባችን የአገራችንን ስም ጠርቶ ለሹሙ ቢናገር፣ "ይህን ቃል በዚህ ቢሮ አልስማ፤ ሮማን ማስቀየም አንፈልግም" አለው። ጀርመንና ሩሲያ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲረጋገሙ ኖረው በነሐሴ ተፈራረሙ፤ ፖላንድን ለሁለት ተካፈሏት። እታለም፣ "መንግሥታት እንዴት ይወዳጃሉ?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እንደ ሰው ተዋደው አይደለም። መጀመሪያ ማንን እንደሚፈሩ ያያሉ፤ ከዚያ ያንን ከሚፈራ ሌላ ጋር ይማማላሉ። እኛን ዛሬ የሚፈራን የለም። ስለዚህ የሚፈልገንም የለም። በስም ያውቁን እንደሆነ ግን፣ አዎ፣ ካርታ ላይ ያውቁናል።

ስለ ድረስ። ከካርቱም የመጣ አንድ ሰው፣ ከስደተኞቹ ጋር ቀጠን ያለ የጎጃም ልጅ አይቻለሁ ብሎኛል። ስሙን አልጠየቀውም። እርሱ ይሆናል። ለየብርጓል ንገሪያትና ትንሽ ትጽናና።

ወንድምሽ አካለ ወልድ

*

ከአምበር በላይ፣ መጋቢት 20 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለአካለ ወልድ፤ ጤና ይስጥህ።

የላክሁልሽ ወሬ ምን አደረገላችሁ ብለህ ጠይቀኸኛል። የሆነውን ልንገርህ።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ እየሮጥኩ ሄጄ ለሁለቱም አነበብኩላቸው። ጥሩሰው በእግሩ አንሙት ቤት ድረስ መጣ፤ "በሐሰት ጠርጥሬሃለሁ" ብሎ ትከሻውን ሳመው። የብርጓል ፀጉሯን ተሠራች። ሰዉ ሁሉ እልል አለ። ሁለት ወር እንደ ወንድማማች ከረሙ፤ በጥር አንድ የጣሊያን ጭነት አብረው መቱ። ጥሩሰው ግን ደስታውን መያዝ አቃተው። "የልጄን ባል ዓይኑን አይቶ ይምጣልኝ" ብሎ የእኅቱን ልጅ አንለይን ካርቱም ላከው።

አንለይ እዚያ ያሉትን ስደተኞች አንድ በአንድ ጠየቀ። ድረስ የሚባል የለም። ነበር የሚልም የለም።

ጥሩሰው ይህን ሲሰማ ወደ እኔ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም። "ያንን ደብዳቤ ለአንሙት ብለሽ የፈጠርሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። ማልኩለት፤ አላመነኝም። በየካቲት ማለቂያ የእርሱና የአንሙት ሰዎች ጨሞጋ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ተገናኙ። መጀመሪያ ማን እንደተኮሰ አይታወቅም። ከሁለቱ ወገን አሥራ አንድ ሰው ሞተ፤ አንለይ አንዱ ነው። ጣሊያኖቹ ከደብረ ማርቆስ ምሽጋቸው ሆነው ተኩሱን ሰምተዋል። አንድ ጥይት አልተኮሱም። ለምን ብለው ይተኩሱ?

ጥሩሰው ልጁን ሊወስዳት መጣ። "ባሌ ሞተ የሚል ሰው ሲመጣ ያኔ እሄዳለሁ" አለችው። ፀጉሯ ግን እንደገና ተበትኗል።

አካሌ፣ እናታችን ስትሞት ሁለት ዓመትህ ነበር። ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። ከልጅነትህ ጀምሮ ስትዋሽ "ይሆናል" ትላለህ። "እርሱ ይሆናል" ያልከኝን ቃል አሥር ጊዜ አነበብኩት። አሥራ አንድ ሰው ከቀበርን በኋላ አሥራ አንደኛ ጊዜ አነበብኩት። የምታውቀውን ጻፍልኝ።

ወለተ ሐዋርያት

*

ከሱዳን ወሰን፣ ሐምሌ 6 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለእታለም።

ይህን ይዞልሽ የሚመጣው ፈንታ ብቻውን አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ የያዙ ሰዎች አብረውት አሉ፤ አንዱ ለአንሙት፣ አንዱ ለጥሩሰው። ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ስለሆንኩ ጽሕፈቱን ታውቂዋለሽ።

በሰኔ 3 ቀን ኢጣሊያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ዐወጀች። ፈረንሳይ ስትወድቅ አይታ፣ ከወደቀ ሰው ላይ ልትገፍፍ ነው። በማግስቱ ጧት የኬላው ሹም አስጠራኝ። ሁለት ዓመት ቆሜ ያናገርኩት ሰው ያን ቀን ወንበር ሳበልኝ፤ ሻይ አስቀዳልኝ።

"አሁን ወዳጆች ነን" አለኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?" አልኩት።

"ከትናንት ጀምሮ" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

"ከኢጣሊያ ጋር የተጻፈ ውል ነበራችሁ፤ ከእኛስ?"

"ለጊዜው ውል የለንም፤ ጠመንጃ ግን አለን" አለኝ።

ያን ዕለት አልስማ ይለው የነበረውን የአገራችንን ስም አሥር ጊዜ ጠራው። ጃንሆይም ከስደት ተነሥተው ካርቱም ገብተዋል ይባላል። እንግሊዝ ብቻዋን ቀርታለች፤ ፈረንሳይ የለችም፣ ሩሲያ ከጀርመን ጋር ናት። ስለዚህ ትናንት በደጇ ያላስገባችንን ትፈልገናለች። ጠመንጃውን የምትሰጠው ግን ተባብረው ለሚፈርሙ ነው። ሹሙ የአካባቢያችሁን ካርታ ዘርግቶ፣ "እነዚህ ሁለቱ፣ አንሙትና ጥሩሰው፣ አንድ ካልሆኑ መንገዱ አይከፈትም። ምን አጣላቸው?" ብሎ ጠየቀኝ።

አላውቅም አልኩት። አውቅ ነበር።

እታለም፣ ድረስ ሞቷል።

ግንቦት 14 ቀን 1930 ከቀትር በኋላ ወደ ኬላው መጣ። እግሩ ቆስሏል። ጠመንጃውን አንግቶ፣ ደብዳቤውን ደረቱ ላይ ይዞ ነበር። እኔ ከሹሙ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ሹሙ ደብዳቤውን ሳይከፍት መለሰለትና፣ "ከኢጣሊያ መንግሥት ጋር ውል አለን፤ ይህን መቀበል አንችልም፤ ይመለስ" አለ። እርሱን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ለገዛ እኅቴ ልጅ ተመለስ ያልኩት እኔ ነኝ። ወንዙን ተሻግሮ ብዙም ሳይርቅ ሦስት ጥይት ሰማን። የጣሊያን ባንዶች ሣሩ ውስጥ ይጠብቁ ነበር። በማግስቱ ሁለት የኬላ ዘበኞች ተሻግረው ከአንድ ግራር ሥር ቀበሩት። ከወዲህ ማዶ ቆሜ አይቻለሁ። ቄስ አልነበረም።

አንሙትም ጥሩሰውም አልገደሉትም። ንገሪያቸው። አንድ ሆነው ይጻፉ። የካርቱሙን ወሬ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። የጨሞጋው ደም በእኔ ላይ ነው።

አካለ ወልድ

*

ከአምበር በላይ፣ ነሐሴ 24 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለአካለ ወልድ።

ደብዳቤህ በፍልሰታ ጾም ደረሰኝ። ሱባኤ ገብቼ ስለ ልጄ መምጣት ስለምን ነበር። አቋረጥኩት።

ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ጠየቅሁህ። በጽሑፍ ጠየቅሁህ፣ በነጋዴ ጠየቅሁህ፣ ለምኜ ጠየቅሁህ። ለእናቱ ዝም ያልከውን ለእንግሊዝ ሲያስፈልግ ነገርከኝ። ስለ እርሱ ይህንን ብቻ እላለሁ፤ ሌላ አልጨምርም።

የሆነውን ስማ። ሁለቱን ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አስጠራኋቸው። ሰዎቻቸው ከቅጥሩ ውጭ፣ ጠመንጃቸውን እንደያዙ፣ በሁለት ወገን ቆሙ። ከካህናቱ ፊት፣ "ልጄን የገደሉት የጣሊያን ባንዶች ናቸው። ወሰን ላይ ነው የሞተው። ወንድሜ ሲቀበር አይቷል" አልኩ። አንሙት መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ጥሩሰው አላለቀሰም። ቀና ብሎ አየኝና፣

"እንግሊዞቹስ? ደብዳቤያችንን አልተቀበሉም?" አለኝ።

"እነርሱ ዘንድ ሳይደርስ ነው የሞተው" አልኩት።

በታቦት ፊት ዋሸሁ፣ አካሌ። ጥሩሰው እውነቱን ቢሰማ፣ እርሱ ሳይሞት እንግሊዝ በደጁ አያልፍም ነበር። አንሙት ደግሞ ጠመንጃው ይሻለናል ይል ነበር፤ እንደገና ጨሞጋ ላይ ይገናኙ ነበር። አንተ የቀበርከውን እኔ ደግሜ ቀበርኩት። ሁለቱ ማሉ፤ ተሳሳሙ። ጥሩሰው፣ "አማቼ ሕያው ሆኖ ሳለ ያልቻለውን ሞቶ አደረገው" አለ። የብርጓል ፀጉሯን ተላጨች፤ አሁን ሐዘንተኛ ነች። ፍትሐት አስደርገንለታል።

ከዚያ ለእንግሊዝ መልስ ይጻፍ ተባለ። ጸሐፊያቸው ጨሞጋ ላይ ከሞቱት አንዱ ነውና ብዕሩን ለእኔ ሰጡኝ። "ለወዳጃችን ለእንግሊዝ መንግሥት በይ" አሉኝ። ጻፍኩ። ወዳጃችን ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉን አሳምሬ ነው የጻፍኩት፤ አባታችን እንዳስተማረን።

አንድ ጥያቄ አለኝ። በወረቀት አላሰፍረውም። ፈንታ በቃሉ ይነግርሃል።

ወለተ ሐዋርያት

*

ከሱዳን ወሰን፣ ጥቅምት 18 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለእታለም።

ፈንታ ጥያቄሽን ፊቴን ሳያይ ነገረኝ። መልሱ አዎ ነው። ላድነው እችል ነበር።

ሹሙ ክፉ ሰው አይደለም። ድረስ ተመለስ ሲባል፣ "መሣሪያዬን ልስጣቸውና እንደ ስደተኛ ያስገቡኝ" ብሎ ለመነ። ተረጎምኩት። ሹሙ የድረስን ቁስል አየ።

"እዚህ የሚያውቀው፣ ዋስ የሚሆነው ሰው ካለ አስገባዋለሁ። አንተ ታውቀዋለህ?" አለኝ።

"አላውቀውም" አልኩ።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት እንደ እኔ አስተርጓሚ የሆነ የጎንደር ሰው የአርበኛ ወንድም መሆኑ ታውቆ ወንዙን አሻግረውት ነበር። ሲሄድ አይቻለሁ። ፈራሁ። ለሁለት ዓመት ሌላ ምክንያት ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም።

ድረስ እንግሊዝኛ አያውቅም። እኔ ስናገር ዓይን ዓይኔን ያይ ነበር። የምማልድለት መስሎታል፤ አንገቱን ይነቀንቅልኝ ነበር። "አይሆንም አሉ" ስለው ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ቃጣ። ሹሙ እንዳያይ ወደ ኋላ ሸሸሁ። እርሱ ግን ያፈርኩ መሰለው።

"እግዜር ይስጥልኝ አጎቴ። ለፋህልኝ" አለኝ።

ጴጥሮስ ጌታውን ሲክድ ዶሮ ጮኾበታል። እኔ ዘንድ ግን ከዚያ በኋላ ሌሎች አራት ሰዎች መጡ፤ ቃላቸውን ስመልስ ዋልኩ።

አሁን ጦሩ ሊገባ ይሰናዳል። ሹሙ ሻምበል ሆኗል፤ ጎጃም ሲገባ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ወደ ቤትሽ እንዳልመጣ ከፈለግሽ ላኪብኝ፤ ታምሜያለሁ እላለሁ።

አካለ ወልድ

*

ከአምበር በላይ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለአካለ ወልድ።

ጥቅምት ላይ ለጻፍክልኝ መልስ አልሰጠሁህም። አልቻልኩም። አትምጣ ማለትም አልቻልኩም፤ ና ማለትም አልቻልኩም። ስለዚህ ዝም አልኩ፣ አንተም መጣህ።

አሁን የምጽፍልህ ሌላ ሰው ልጠይቀው የማልችለው ነገር ስላለ ነው።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ከለቀቀ በኋላ በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ አንሙት "የእንግሊዝ እንግዳ አለብሽ" ብሎ ላከብኝ። ጾም ስለሆነ ሱፍ ፈተፈትኩ፣ ሽሮ ሠራሁ። ሻምበሉ ሲገባ ከኋላው የነበረውን ሽማግሌ አላወቅሁትም። ድምፅህን ስሰማ ነው ያወቅሁህ። በአምስት ዓመት እንዲህ ሸበትክ?

የብርጓል የእንግሊዙን እጅ አስታጠበችው። ማን እንደሆነ አታውቅም። ውኃውን በቀስታ ስታፈስለት አየሁ፤ ፎጣ ስትሰጠው አየሁ። አንሙት በቀኙ፣ ጥሩሰው በግራው ተቀመጡ። በላ። ደኅና አድርጎ በላ። ደግ ፊት አለው፣ ልክ ነህ። በልቶ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ። አንተም፣

"ልጆች አሉዎት ወይ? ይላል" አልከኝ።

አሉዎት። ጡት ጥለህ ከጀርባዬ ያልወረድክ ልጅ፣ አሉዎት አልከኝ። ሌሎቹ ስለ እንግዳው ክብር መስሏቸዋል። እኔ ግን እኅትህ መሆኔን ሻምበሉ ከሁኔታህ እንዳያውቅ መሆኑ ገባኝ።

ሁሉን ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጥሩሰው አጠገቤ ነው፤ ሰዎቹ ደጅ ቆመዋል፤ በማግስቱ ከእንግሊዞቹ ጋር ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። እንዴት ልናገር? ለአንተ ብቻ የሚገባ ቃል ፈለግሁ።

"አንድ ነበረኝ። ዋስ ያጣ ልጅ ነበር፤ ወንዝ ማዶ ቀረ" አልኩ።

አንሙትና ጥሩሰው የሐዘንተኛ ቃል ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንተ ወደ እንግሊዙ ዞረህ ተናገርክ። ሻምበሉም ፈገግ አለ። ተነሥቶ፣ ቆቡን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ።

አካሌ፣ ልጄ ሞተ ስለው ሰው ለምን ፈገግ ይላል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ፈገግታ ከፊቴ አልሄድ ብሎኛል። ምን ብለህ ነገርከው?

ወለተ ሐዋርያት

*

ከዓባይ ማዶ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለእታለም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጦሩ ወደ ሸዋ ከተሻገረ በኋላ ነው። የአንሙትና የጥሩሰው ሰዎች በአንድ ላይ ናቸው፤ አብረው ይበላሉ፣ ቁስለኛቸውን አብረው ይሸከማሉ። ትናንት ሻምበሉ ለአለቆቹ ሲጽፍ፣ "እነዚህ ሁለት መሪዎች ከእኛ ጋር የቆሙት በአስተርጓሚዬ ድካም ነው" ብሎ ስሜን አስገባ። ደብዳቤውን አነበበልኝ። አመሰገንኩት።

ለጥያቄሽ መልስ ስጽፍ ይህ ሦስተኛ ወረቀቴ ነው። በመጀመሪያው የጦሩን ነገር፣ የጥሩሰውን ነገር፣ እውነቱን ብተረጉም ሻምበሉ "የትኛው ወንዝ? መቼ?" ብሎ እንደሚጠይቅ ጻፍኩልሽ። ቀደድኩት። ያ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ያን ጊዜ አንዱንም አላሰብኩም። በሁለተኛው ይቅርታ ብቻ ጻፍኩ። እርሱንም ቀደድኩት፤ ልትሰጪኝ የማትችይውን እንደገና መለመን ሆነብኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። አንቺ ተናግረሽ ስትጨርሺ እርሱ ወደ እኔ ዞረና፣ "ምን አለች?" አለኝ። የብርጓል ፎጣውን ይዛ በአጠገቤ ቆማለች። አንቺ ታዪኛለሽ።

"ልጅ አልወለድኩም፤ እንኳን ደኅና መጣህ ትላለች" አልኩት።

ለዚያ ነው ፈገግ ያለው። "አመሰግናለሁ፤ እንደ ልጅሽ ቁጠሪኝ በላት" አለኝ። ያንን ሳልነግርሽ ወጣሁ።

አካለ ወልድ